የታመቀ ጋዝና የመንግሥት ቃል፦ ከዴልሂና ከፓኪስታን ምን እንማራለን?

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መድረክ ላይ በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል። የውጭ አገር ክንውኖች ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ንግግሬን የምጀምረው ከአክስቴ ልጅ በሰማሁት ጥያቄ ነው። እርሱ ለብዙ ዓመታት ሚኒባስ ነድቶ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው ነው። ባለፈው በዓል ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ «ጋሼ፣ የተፈጥሮ ጋዛችን ወጣ እየተባለ ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎትና ይንገሩኝ፤ መኪናዬን በጋዝ እንዲሠራ ላስቀይረው? ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?» አለኝ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። የዛሬው ገለጻዬ ያንን ጥያቄ በሚገባው ስፋት የመመለስ ሙከራ ነው።

ከወዲሁ አቋሜን ልግለጽ። የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝን፣ በተለምዶ ሲኤንጂ የሚባለውን፣ ለተሽከርካሪ ነዳጅነት የማስፋፋት ፖሊሲ ብዙውን ጊዜ የቴክኖሎጂ ወይም የዋጋ ጉዳይ ተደርጎ ይቀርባል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የቃል ጉዳይ ነው እላለሁ። መንግሥት አሽከርካሪውን «ገንዘብህን አውጥተህ ሞተርህን ቀይር» ሲለው፣ ተሽከርካሪው እስኪያረጅ ድረስ ጋዝ አቀርብልሃለሁ ብሎ ቃል መግባቱ ነው። ፖሊሲው የሚሳካው ወይም የሚወድቀው ይህ ቃል በመጠበቁ ወይም በመፍረሱ ነው።

የጋዙ ባሕርይ

ፖሊሲውን ለመረዳት የጋዙን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ለምግብ ማብሰያ የምንጠቀምበት የሲሊንደር ጋዝ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆን በቀላል ብረት ዕቃ ይያዛል። ሚቴን ግን የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 82 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ በስተቀር የቱንም ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ አይሆንም። ስለዚህ በመኪና ለመያዝ ሁለት መንገዶች ብቻ አሉ። አንደኛው በጋዝነቱ እንዳለ ከ200 እስከ 250 ባር በሚደርስ ግፊት ማመቅ ሲሆን፣ ይህም በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት መቶ እጥፍ ያህል ነው። ሁለተኛው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ነው፤ ይህኛው ኤልኤንጂ ይባላል።

ከዚህ ባሕርይ ብዙ ነገር ይከተላል። በ200 ባር የታመቀ አንድ ሊትር ጋዝ የሚይዘው ኃይል አንድ ሊትር ናፍጣ ከሚይዘው ሩብ ያህሉን ነው። በመሆኑም ሲሊንደሩ ትልቅና ከባድ ይሆናል፤ የዕቃ መጫኛውን ቦታ ይሻማል፤ መኪናው በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀትም ያጥራል። ማደያው ውድ ኮምፕሬሰር፣ አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይልና፣ ቢቻል፣ የጋዝ ቧንቧ ይፈልጋል። የቤንዚን ሞተር በመጠነኛ ወጪ ሊቀየርና በሁለቱም ነዳጅ ሊሠራ ይችላል። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ ስለሌለው፣ በጋዝ ብቻ እንዲሠራ ከተፈለገ መሠረታዊ ለውጥ ያስፈልገዋል።

ጥቅሞቹም እውነተኛ ናቸው። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል፣ በክፍት ቦታ ቢያፈተልክ መሬት ላይ ሳይተኛ ወደ ላይ ይበተናል። በንጽሕና ይቃጠላል፤ በአሮጌ ናፍጣ ሞተር ከሚወጣው ጥቁር ጭስ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ለተመሳሳይ የኃይል መጠን ከናፍጣ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ጋዙ ከአገር ውስጥ ጉድጓድ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ያድናል። መንግሥታትን ወደዚህ ፖሊሲ የሚስቧቸው እነዚህ ሁለቱ፣ ማለትም የከተማ አየርና የውጭ ምንዛሪ፣ ናቸው።

ሆኖም በመነሻው ላይ አንድ ቋጠሮ አለ። ማደያ ከሌለ መኪናውን የሚቀይር የለም፤ የተቀየረ መኪና ከሌለም ማደያ የሚከፍት ነጋዴ የለም። ቋጠሮውን ለመፍታት መንግሥት በዋጋ፣ በግብር፣ በብድር ወይም በትእዛዝ ጣልቃ መግባት አለበት። ሁለት ጎረቤታሞች፣ ህንድና ፓኪስታን፣ ይህን ቋጠሮ በተለያየ መንገድ ፈትተውታል።

ዴልሂ፦ የፍርድ ቤት ትእዛዝ

የዴልሂ ታሪክ የሚጀምረው ከነዳጅ ሚኒስቴር ሳይሆን ከችሎት ነው። ኤም. ሲ. ሜህታ የተባሉት የሕግ ባለሙያ በ1985 የዋና ከተማዋ አየር ብክለት እንዲገታ ለህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ጉዳዩ ዓመታት ወሰደ። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 28 ቀን 1998 በሰጠው ትእዛዝ የከተማዋ አውቶቡሶች በሙሉ እስከ መጋቢት 31 ቀን 2001 ድረስ ወደ ታመቀ ጋዝ እንዲዛወሩ ወሰነ። በዚያው ዓመት ጋዙን የሚያከፋፍለው ኢንድራፕራስታ ጋዝ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ።

ቀነ ገደቡ ሲደርስ ዝግጅቱ አልተጠናቀቀም ነበር። አውቶቡሶች አልተቀየሩም፤ ማደያዎች አልበቁም። ተሳፋሪው አውቶቡስ አጣ፤ ባለ ሦስት እግር ታክሲዎች በጋዝ ማደያ በር ላይ ለረጅም ሰዓታት ተሰለፉ። በችኮላ ከተቀየሩት አውቶቡሶች በአንዳንዶቹ ላይ እሳት ተነሣ። መንግሥት በበኩሉ የባለሙያ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም መንግሥት የነዳጁን ዓይነት ከመደንገግ ይልቅ የልቀት ደረጃ ቢያወጣና ምርጫውን ለአምራቾች ቢተው ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ በኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት የሚደገፍ ነው፤ እኔም በክፍል ውስጥ የማስተምረው እርሱኑ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን አልተቀበለውም።

የአልቀበልም ባዩ ፍርድ ቤት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል። የልቀት ደረጃ የሚሠራው የሚለካና የሚቆጣጠር አካል ሲኖር ነው። ናፍጣ ከኬሮሲን ጋር በሚደባለቅበት፣ የምርመራ ወረቀት በገንዘብ በሚገኝበት ከተማ ደረጃው በወረቀት ላይ ይቀራል። አውቶቡሱ በጋዝ መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን ግን ማንም ተላላፊ ትራፊክ ያውቀዋል። ደካማ የቁጥጥር አቅም ላለበት አገር፣ በንድፈ ሐሳብ ሁለተኛ የሚባለው ፖሊሲ በተግባር አንደኛ ሊሆን ይችላል።

ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 5 ቀን 2002 በሰጠው ውሳኔ በናፍጣ ለሚሄድ እያንዳንዱ የከተማ አውቶቡስ በቀን 500 ሩፒ መቀጮ ጣለ፤ ከሠላሳ ቀን በኋላም መቀጮው በእጥፍ እንዲጨምር አደረገ። ከመቀጮው በላይ ክብደት የምሰጠው ግን ለሌላው የውሳኔው ክፍል ነው። ፍርድ ቤቱ መንግሥት ጋዝ ሲደለድል ከኢንዱስትሪ ይልቅ ለትራንስፖርት ቅድሚያ እንዲሰጥ አዘዘ። ይህም ማለት ባለ አውቶቡሱ እንዲቀይር ከተገደደ፣ መንግሥትም ጋዙን እንዲያቀርብ ተገዷል ማለት ነው። ግዴታው የሁለት ወገን ሆነ። በ2002 መጨረሻ የከተማዋ የናፍጣ አውቶቡሶች ከመንገድ ወጡ።

የዴልሂን ስኬት ግን ከልኩ አናሳልፈው። በየአውቶቡሱ ጀርባ ይታይ የነበረው ጥቁር ጭስ ጠፋ። ይሁን እንጂ በቀጣዮቹ ዓመታት የግል መኪኖች፣ በተለይም የናፍጣዎቹ፣ ቁጥራቸው እየጨመረ ሄዶ የተገኘውን ለውጥ መልሶ በላው። የዴልሂ አየር ዛሬም በዓለም ላይ ከከፉት አንዱ ነው። ጋዝ የአውቶቡሱን ጭስ ያጠፋል፤ የከተማን የመኪና ብዛት፣ የግንባታ አቧራና የገለባ ቃጠሎ አይፈታም።

ፓኪስታን፦ በስኬቱ የተጎዳ ፖሊሲ

ፓኪስታን ያስገደደችው ሰው አልነበረም፤ የሳበችው በዋጋ ነው። በ1952 በባሉቺስታን የተገኘው የሱይ ጋዝ መስክ ለአገሪቱ ሰፊ የቧንቧ መስመር አስገኝቶላታል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ መንግሥት የግል ባለሀብቶች ማደያ እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ የጋዙን ዋጋም ከቤንዚን እጅግ ዝቅ አድርጎ ያዘ። ውጤቱ አስደናቂ ነበር። እስከ 2010 አካባቢ በጋዝ የሚሄዱት ተሽከርካሪዎች ከሁለት ሚሊዮን፣ ማደያዎቹም ከሦስት ሺህ በለጡ። ፓኪስታን በጋዝ ተሽከርካሪ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። መኪና ገጣጣሚዎች ሲሊንደሩን ከፋብሪካ ገጥመው መሸጥ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ፓኪስታን እንደ አርአያ ትጠቀስ ነበር።

ነገር ግን የጋዙ ምርት እንደ ማደያው አልጨመረም። ያው ጋዝ ለኃይል ማመንጫ፣ ለማዳበሪያ ፋብሪካ፣ ለጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪና ለቤት ማሞቂያም ይፈለግ ነበር። መንግሥት በ2008 አዲስ የማደያ ፈቃድ መስጠት አቆመ፤ በ2011 መጨረሻ ደግሞ የመቀየሪያ መሣሪያና የሲሊንደር ገቢ ንግድን ከለከለ። ማደያዎች በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት እንዲዘጉ ተደረገ፤ በፑንጃብ ክረምቱን በሙሉ የሚዘጉበት ዓመትም መጣ። አሽከርካሪው ከማደያ በር ላይ ሌሊቱን ተሰልፎ ያድር ጀመር። በ2012 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጋዙ ዋጋ ከቤንዚን ጋር መያያዙን ሽሮ ዋጋው እንዲቀንስ ሲያዝ፣ ብዙ ባለ ማደያዎች ያከስረናል ብለው በራቸውን ዘጉ። ዋጋው በወረቀት ላይ ረከሰ፤ ጋዙ ግን ጠፋ።

ሁለቱንም ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ዴልሂ ተጠቃሚዎቹን አስቀድማ ወስና ጋዝ መደበችላቸው። ፓኪስታን በሩን ለሁሉም ከፈተች፤ ጋዙ ሲያልቅም በሩን በሁሉም ላይ ዘጋች። ክፉኛ የተጎዳው በየሦስት ዓመቱ መኪና የሚለዋውጠው ባለጸጋ አልነበረም። ቁጠባውን አውጥቶ ሲሊንደር ያስገጠመው፣ የዕለት ገቢውን በጋዙ ዋጋ ያሰላው የታክሲ ሾፌር ነበር።

ቃሉ የሚፈርሰው በጋዝ እጥረት ብቻ አይደለም። ኒው ዚላንድ ከ1979 የነዳጅ ቀውስ በኋላ በብድርና በድጎማ ከ100 ሺህ በላይ መኪኖች ወደ ጋዝ እንዲቀየሩ አድርጋ ነበር። ጋዝ አልጎደለባትም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ማበረታቻው ተነሣ፤ የዓለም የነዳጅ ዋጋም ወደቀ፤ ፕሮግራሙም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰመ። የመኪና ዕድሜ ከፓርላማ ዘመን ይረዝማል፤ ፖሊሲ አውጪ ሁሉ ይህን ሊያሰላው ይገባል።

ስለ አካባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ

ተማሪዎቼ «ጋዝ ንጹሕ ነው» የሚለውን አባባል ሳይመረምሩ እንዳይቀበሉ አደራ እላለሁ። ለከተማ ሳንባ ከአሮጌ ናፍጣ የተሻለ መሆኑ አያጠያይቅም። ለአየር ንብረት ግን መልሱ የተለየ ነው። ያልተቃጠለ ሚቴን፣ በሃያ ዓመት ስሌት ከታየ፣ በክብደት ተመጣጣኝ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ከጉድጓዱ እስከ ሞተሩ ባለው መንገድ ከጋዙ ጥቂት በመቶ ብቻ ቢያፈተልክ፣ ከናፍጣ ያገኘነው ሩብ ትርፍ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የፍሳሽ ቁጥጥር የሌለው የጋዝ ፖሊሲ የአየር ንብረት ፖሊሲ ነኝ ሊል አይችልም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ የተገኘው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከመሬት በታች ቆየ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምዕራፍ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ሲመረቅ ዓመታዊ አቅሙ 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንደሆነ ተገለጸ። በዚያው ዕለት በጎዴ፣ ይህንኑ ጋዝ የሚጠቀም የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። የፓኪስታንን ታሪክ የሰማ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል፤ ማዳበሪያና ትራንስፖርት ከአንድ ማጀት ሊመገቡ ነውና።

ቁጥሩን በእጃችን እንመዝነው። 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ በክብደት ወደ 50 ሺህ ቶን ይጠጋል። አንድ የከተማ አውቶቡስ በቀን 200 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራና በመቶ ኪሎ ሜትር 40 ኪሎ ጋዝ ቢፈጅ፣ በዓመት 24 ቶን ያስፈልገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ምርት በሙሉ ለትራንስፖርት ቢውል 2,000 ያህል አውቶቡሶችን ያንቀሳቅሳል። አንድ ሚኒባስ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ቢሄድና በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ኪሎ ቢፈጅ ደግሞ 14 ሺህ ያህል ሚኒባሶችን ማለት ነው። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ግን መጠኑን ያሳያል።

በወንበር ብዛት ከታየ ሁለቱ ምርጫዎች እጅግ አይራራቁም። የሚራራቁት በአስተዳደር ነው። ሁለት ሺህ አውቶቡሶች በጥቂት ዴፖዎች ያድራሉ፤ ሌሊት በአንድ ቦታ ይሞላሉ፤ ሲሊንደራቸውም በአንድ መዝገብ ይመረመራል። አሥራ አራት ሺህ ሚኒባሶች ግን በየጋራዡ ይቀየራሉ። በ200 ባር ግፊት የሚሠራ ሲሊንደር በህንድ በየሦስት ዓመቱ እንዲፈተሽ በሕግ ይገደዳል። ይህን ፍተሻ ለቦሎ ከሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ጋር በአንድ ቀን ልንጨምረው የምንችለው ሥራ አይደለም፤ መሣሪያም የሠለጠነ ባለሙያም ይጠይቃል።

ሌላም የእኛ የሆነ ነገር አለ፤ ከፍታችን። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ምክንያት ቀድሞውኑ ጉልበቱ ቀንሷል። ወደ ጋዝ ሲቀየር፣ ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ የአየርን ቦታ ስለሚይዝ፣ ተጨማሪ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። በካራቺ ሜዳ ላይ የማይታወቅ ድካም በእንጦጦ ዳገት ላይ ይታወቃል።

በመጨረሻም ሌላ አማራጭ አለን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ለትንሹ መኪና ባትሪ የተሻለ መንገድ ከሆነ፣ ለእርሱ ሁለተኛ የማደያ መረብ መዘርጋት ካፒታልን መበተን ነው። ባትሪ ገና ያልበረታበት ቦታ ረጅም መንገድ የሚሄደው ከባድ ጭነት ነው። ጋዛችን ከፋብሪካው ፈሳሽ ሆኖ መውጣቱም ለዚሁ ያመቻል። ፈሳሹ ጋዝ ከታመቀው ይልቅ በትንሽ ቦታ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ግን ቆሞ ሲውል ቀስ በቀስ ስለሚተን፣ ዘወትር ለሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ እንጂ በግቢ ለሚቆም የቤት መኪና አይሆንም። በእኔ እምነት፣ ለትራንስፖርት የሚተርፍ ጋዝ ካለ፣ በቅድሚያ ለከባድ ጭነት ተሽከርካሪዎችና ለአውቶቡሶች ሊደለደል ይገባል። ድልድሉም ማንም ሰው ሞተሩን ከመቀየሩ በፊት በሕግ ተጽፎ መታወቅ አለበት።

ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ

የዚያን ዕለት ለአክስቴ ልጅ «አሁን አትቀይር» ብዬው ነበር። ዛሬ ብጨምርለት፣ ሦስት ነገሮችን ጠይቅ እለዋለሁ። በምትሠራበት መስመር ማደያው የት ነው? ለአንተ ዓይነት መኪና ጋዙ ለስንት ዓመት ተመድቧል? ሲሊንደሩን የሚፈትሸውና ቢፈነዳ የሚጠየቀው ማን ነው? ለሦስቱም የተጻፈ መልስ ሲያገኝ ይቀይር። አንዱም ቢጎድል ይቆይ።

እነዚህ የአንድ ሾፌር ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ ግን የፖሊሲው ሙሉ ፈተና ናቸው። የመጀመሪያው የመሠረተ ልማት፣ ሁለተኛው የድልድል፣ ሦስተኛው የደኅንነትና የተጠያቂነት ጥያቄ ነው። ፓኪስታን ሁለተኛውን ሳትመልስ ሁለት ሚሊዮን ሰው አስከተለች። ዴልሂ ሦስቱንም በፍርድ ቤት ግፊት፣ ብዙ ተሳፋሪ ካንገላታች በኋላ መለሰች። እኛ ገና መጀመሪያው ላይ ነን፤ መልሱን አስቀድመን ለመጻፍ ጊዜው አላለፈም። ከእናንተ መካከል መሐንዲስ፣ የሕግ ባለሙያ ወይም ኢኮኖሚስት ሆናችሁ በዚህ ሥራ ላይ የምትቀመጡ ትኖራላችሁ። በፊታችሁ የሚቀርበው ሰነድ ስለ ማደያ ብዛትና ስለሚድነው ምንዛሪ ብዙ ይናገር ይሆናል። እናንተ ግን ጋዙ ለማን፣ ለስንት ዓመት እንደተመደበ የሚናገረውን ገጽ ፈልጉ። ገጹ ከሌለ፣ ሰነዱን መልሱት።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።